ሽጉጡ ካርቦን አያይም፦ ላብራቶሪ አያስፈልግም ለሚል ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በብረት ነጋዴዎችና በወርክሾፕ ባለቤቶች ዘንድ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መመርመሪያ የገዛ ሰው ከእንግዲህ ላብራቶሪ ደጅ አይጠናም። መሣሪያው በሰከንዶች ውስጥ ሁሉንም ያነባል፣ የብረቱን ገጽ ማጽዳትና ማዘጋጀትም አያስፈልገውም። ብረቱን በኤሌክትሪክ ብልጭታ አትንኖ ከሚወጣው ብርሃን ይዘቱን የሚለካው የብልጭታ መሣሪያ ውጤቱ ስለሚለዋወጥ አይታመንም፣ የአሲድ ኬሚስትሪ ጊዜው አልፎበታል፣ ጥርጣሬ ቢኖር እንኳ የፋብሪካው ሰርተፊኬት ይበቃል። ይዘቱ የተበላሸ ብረት ቢገኝም ማቅለጫው ያስተካክለዋል።

ጸሐፊው መሣሪያውን እንደሚያውቁት ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። አይዝጌ ብረትን ስለመለየት ያሉትም በአብዛኛው ልክ ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ያንኑ ድምዳሜ ወደ ፌሮ፣ ወደ ሻፍትና ወደ ጊር ሲያሻግሩት ነው። መሣሪያውን ቅርጹ ስለሚመስል ሽጉጥ እንበለውና በየነጥቡ እንሂድ።

ሁሉንም ያነባል ስለሚለው

ኤክስሬይ ያረፈበት ንጥረ ነገር የራሱን መለያ ጨረር መልሶ ይሰጣል። ሽጉጡ የሚለየውም የዚያን ጨረር ጉልበት ለክቶ ነው። የክሮሚየም ጨረር 5.4 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ የብረት 6.4፣ የኒኬል 7.5፣ የሞሊብዲነም 17.4። የካርቦን ግን 0.28 ብቻ ነው። ይህን ያህል ደካማ ጨረር አምልጦ መውጣት የሚችለው አንድ ማይክሮን እንኳ ከማይሞላ የላይኛው ቅርፊት ነው። የወጣውንም በመካከል ያለው አየርና የመመርመሪያው መስኮት ያስቀሩታል። ስለዚህ የቱንም ያህል ውድ ይሁን፣ በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መሣሪያ ካርቦን አይለካም፤ ናይትሮጅንና ቦሮንንም እንዲሁ። ሲሊከን፣ ፎስፈረስና ድኝ በአዲሶቹ ሞዴሎች ይታያሉ፤ ነገር ግን ረዘም ያለ የንባብ ጊዜና ንጹሕ ገጽ ይፈልጋሉ። በዚያ ላይ የድኝ መስመር (2.31) ከሞሊብዲነም ደካማ መስመር (2.29) ጋር ስለሚደራረብ፣ ሞሊብዲነም ባለበት ብረት ላይ የወጣ የድኝ ቁጥር በጥርጣሬ መታየት አለበት።

ጸሐፊውን ያሳመናቸው ስክሪኑ ላይ የደረጃው ስም ተጽፎ መውጣቱ ይመስላል። ያ ስም የተለካ ነገር አይደለም፤ መሣሪያው በውስጡ ካለው ሠንጠረዥ ላገኛቸው ቁጥሮች የቀረበውን መርጦ የጻፈው ነው። 1030፣ 1045 እና 1060 የሚባሉትን ተራ የካርቦን ብረቶች እንውሰድ። የሦስቱም ማንጋኒዝ ከ0.60 እስከ 0.90 በመቶ ነው፤ የቀረው ከሞላ ጎደል ብረት ነው። የሚለያያቸው ካርቦን ብቻ ነው፦ የመጀመሪያው ከ0.28 እስከ 0.34፣ ሁለተኛው ከ0.43 እስከ 0.50፣ ሦስተኛው ከ0.55 እስከ 0.65። አንደኛውን ብዙ ሳይጨነቁ ይበይዱታል፤ ሦስተኛውን ሳያሞቁ የበየደ ሰው ስንጥቁን ከብየዳው ጎን ያገኘዋል። ለሽጉጡ ሦስቱም አንድ ናቸው። በቅይጦቹ ውስጥም ያው ነው፤ 4140 እና 4150 በክሮሚየም፣ በሞሊብዲነምና በማንጋኒዝ አይለያዩም። ከምናለሽ ተራ የተገዛ የከባድ መኪና አክስል በቶርኖ ወደ ሻፍት ሲቀየር መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ቁጥር ሽጉጡ የማይሰጠው ቁጥር ነው።

ፌሮ ላይ ነገሩ በሒሳብ ይታያል። ለብየዳ የሚሆን ፌሮ በካርቦን አቻ ይመዘናል፤ ካርቦን፣ ሲደመር ማንጋኒዝ በ6 ተካፍሎ፣ ሲደመር የክሮሚየም፣ የሞሊብዲነምና የቫናዲየም ድምር በ5 ተካፍሎ፣ ሲደመር የመዳብና የኒኬል ድምር በ15 ተካፍሎ። ኢኤን 10080 የተባለው የአውሮፓ የፌሮ ደረጃ ከቀለጠው ብረት በሚወሰድ ናሙና ላይ ለካርቦን 0.22፣ ለካርቦን አቻ 0.50 ጣሪያ ያስቀምጣል። አሁን ሽጉጡ ማንጋኒዝ 1.20፣ ክሮሚየም 0.15፣ ሞሊብዲነም 0.02፣ መዳብ 0.30፣ ኒኬል 0.15 አነበበ እንበል፤ ቫናዲየም የለም። የእነዚህ ድርሻ 0.264 ነው። ካርቦኑ 0.20 ከሆነ አቻው 0.464 ይሆንና ፌሮው ያልፋል። ካርቦኑ 0.32 ከሆነ 0.584 ይደርስና ይወድቃል። በሁለቱም ፌሮዎች ላይ የሽጉጡ ስክሪን አንድ ዓይነት ነው።

አይዝጌ ላይም ቢሆን ጸሐፊው ያለፉት ነገር አለ። 304ኤል ካርቦኑ ከ0.030 መብለጥ የለበትም፤ 304ኤች ደግሞ ለከፍተኛ ሙቀት ሥራ ሲባል ከ0.04 እስከ 0.10 እንዲኖረው ይፈለጋል። ሽጉጡ ሁለቱንም 304 ብሎ ይጽፋል። ወፍራም ላሜራ በብየዳ ታንክ ሲሆን፣ ከብየዳው ጎን ያለው ክፍል ከ450 እስከ 850 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ክልል ውስጥ ከቆየ ካርቦኑ ክሮሚየሙን ይዞ በቅንጣቶቹ ድንበር ላይ ይቀመጣል፤ ድንበሩ ክሮሚየም አጥቶ በአሲድ ይበላል። ታንኩ የሚያፈሰው ብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው ጥቂት ሚሊሜትር ራቅ ብሎ ነው።

በእጅ የሚያዝ ነገር ካርቦን እንዲያይ ከተፈለገ መሣሪያው ሌላ ነው፦ በሌዘር የሚተኩሰው። አርጎን ይፈልጋል፣ ተኩሱ የሚያርፍባት ነጥብ እጅግ ትንሽ ስለሆነች ብዙ ጊዜ መተኮስ ግድ ነው፣ ገጹም በደንብ መሞረድ አለበት። ጽሑፉ ሁለቱን መሣሪያዎች ሳይለይ አንድ ላይ ማወደሱ ገዢን ያሳስታል፤ የአንዱን ዋጋ ከፍሎ የሌላውን ሥራ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው።

ሽጉጡ የሚያስመሰግነው ሥራ የለም ማለታችን አይደለም። 304 ተብሎ የሚሸጥ 201 በዐሥር ሰከንድ ይጋለጣል፦ ማንጋኒዙ ከ5.5 እስከ 7.5፣ ኒኬሉ ከ3.5 እስከ 5.5 ሆኖ ሲወጣ ክርክር አይኖርም፤ 304 ቢያንስ 8 በመቶ ኒኬል ሊኖረው ይገባል። 316 ሞሊብዲነሙ ከ2 እስከ 3 ነው። የናስ እርሳስንም ጥሩ አድርጎ ያያል። ለዚህ ሥራ ከሆነ ጸሐፊው ባሉት እንስማማለን።

የገጽ ዝግጅት አያስፈልግም ስለሚለው

የሽጉጡ ጨረር ብረት ውስጥ የሚያየው ጥልቀት በማይክሮን አሥር ቤት የሚቆጠር ነው። ትኩስ ዚንክ የተነከረ ላሜራ ወይም ቧንቧ ላይ ያለው ልባስ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይወፍራል፤ ስለዚህ የሚነበበው ዚንኩ ነው። ክሮሚየም የተቀባ ተራ ብረት ከፍተኛ ክሮሚየም ሰጥቶ አይዝጌ መስሎ ሊወጣ ይችላል። ቀለም፣ ዝገት፣ የማሽን ዘይት፣ አቧራ ሁሉም ቁጥር ይለውጣሉ፤ ከሁሉም በላይ የሚጎዱት ሲሊከንን፣ አሉሚኒየምንና ፎስፈረስን ነው። ሞላ (መሞረጃ ማሽን) ሲያዝ ደግሞ የሸካራው ዲስክ ዓይነት ቁም ነገር አለው። የሲሊከን ካርባይድ ዲስክ ሲሊከንና ካርቦን ትቶ ያልፋል፤ የአሉሚኒየም ኦክሳይዱ አሉሚኒየም ይተዋል። ለብረት የዚርኮኒያ ወይም የአሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ ከ60 እስከ 80 ቁጥር ይመረጣል። አይዝጌ የነካ ዲስክ ተራ ብረት ላይ አይመለስም፤ ተሸክሞት የሚመጣው ኒኬልና ክሮሚየም በሚቀጥለው ናሙና ላይ ይታያል።

የብልጭታ መሣሪያ ውጤቱ ይለዋወጣል ስለሚለው

ይህ የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም እንላለን። ጸሐፊው አንድ ፌሮ በተለያየ ቦታ ተመርምሮ የተለያየ ካርቦን መውጣቱን ጠቅሰው መሣሪያውን ኮንነዋል። መለዋወጡ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን መንስኤው ናሙናውና አሠራሩ ነው።

የመጀመሪያው አቆራረጡ ነው። በጋዝ የተቆረጠ ጫፍ ካርቦኑ የተዛባ ነው፤ ናሙናው ከዚያ ጫፍ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ገባ ብሎ፣ ውሃ በሚጠጣ መጋዝ ይቆረጥ። በዲስክ ሲቆረጥ ሰማያዊ የሆነ ናሙና ተቃጥሏል፤ ሰማያዊው እስኪጠፋ ይሞረዳል። ሁለተኛው፣ በሙቅ የተጠቀለለ ብረት ምድጃ ውስጥ ሳለ የላይኛው ቅርፊት ካርቦኑን ለአየሩ ይሰጣል። ፌሮውን ከጎን ላይ ጥቂት ብቻ ሞርዶ ብልጭታ የሚያሳርፍ ሰው ከእውነተኛው ያነሰ ካርቦን ያገኛል። የጊር ጥርስ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ገጹ በካርቦን የጠገበ ስለሆነ ጥርሱ ላይ 0.80 የሚሰጥ ጊር መሠረቱ 0.20 ሊሆን ይችላል። ጊር ተሰብሮ ምክንያቱ ሲፈለግ ገጹንና ልቡን ለየብቻ መለካት ነው እንጂ አንዱን ወስዶ ደረጃ መስጠት ፋይዳ የለውም። ሦስተኛው የመሐሉ ጉዳይ ነው። ቢሌት (ፌሮ የሚጠቀለልበት የብረት ግንድ) ሲቀዘቅዝ ካርቦን፣ ፎስፈረስና ድኝ ወደ ማዕከሉ ይሰበሰባሉ። በፌሮው ቁራጭ ገጽ ላይ ብልጭታው ማረፍ ያለበት በማዕከሉና በጠርዙ መካከል ነው፤ አንዱ መሐሉን፣ ሌላው ጠርዙን ከመታ መሣሪያዎቹ ሳይበላሹ ቁጥሩ ይለያያል።

ከናሙናው ቀጥሎ አርጎኑ ነው። የካርቦን መስመር 193 ናኖሜትር፣ የድኝ 181፣ የፎስፈረስ 178 ገደማ ላይ ስለሆኑ አየር ይውጣቸዋል፤ ጋዙ ንጽሕናው 99.999 በመቶ የሆነ አርጎን መሆን አለበት። ለብየዳ የሚሸጠው ርካሹ ሲሊንደር፣ ወይም የላላ ቱቦ፣ ወይም እርጥበት ያለው ናሙና መጀመሪያ የሚያበላሸው እነዚህን ሦስቱን ነው። ለማወቅ ቁጥሩን ከማየት በፊት ቃጠሎውን ማየት ነው። ጥሩ ቃጠሎ መሐሉ ቀልጦ የተቦረቦረ፣ ዙሪያው ጥቁር ቀለበት ያለው ነው። ነጣ ያለ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ቀለበቱ የጠፋበት ቃጠሎ ከወጣ የታተመው ውጤት ይጣላል፤ ድምፁም ይለያል፣ ኦፕሬተሩ ጆሮው ለምዶት ሳያይ ያውቀዋል። 8 እና 10 ሚሊሜትር ፌሮ የማረፊያውን ቀዳዳ ስለማይሸፍን አየር ይገባል፤ ለቀጭን ናሙና የተሠራው ማጥበቢያ ሳይደረግ የተወሰደ ንባብ ዋጋ የለውም።

ከዚያ ካሊብሬሽን ይመጣል። መሣሪያው በሙቀትና በሌንስ መቆሸሽ ስለሚንሸራተት ከፍተኛና ዝቅተኛ በሆኑ ማስተካከያ ናሙናዎች ይታረማል፤ ከታረመ በኋላ ይዘቱ በተመሰከረለት ሌላ ናሙና ይፈተሻል። የሥራ ፈረቃ ሲጀመርና የአርጎን ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ይህ ካልተደረገ ቁጥሩ ባለቤት የለውም። ብዙ ቦታ የሚታይ አንድ ጥፋት አለ፦ በአንድ የ304 ናሙና ልዩ እርማት አድርጎ፣ ያንኑ እርማት እንደያዙ 430 የተባለ ሌላ አይዝጌ ወይም ተራ ብረት መለካት። ያ እርማት የሚሠራው ለተደረገለት ደረጃና ለቅርብ ዘመዶቹ ብቻ ነው።

ቃጠሎው ቢያንስ ሦስት ይሁን፣ ጉድጓዶቹ አይደራረቡ፣ በየመሐሉ ኤሌክትሮዱ በብሩሹ ይጠረግ። መሣሪያው 0.2184 ብሎ ቢያትምም በደንብ በተያዘ መሣሪያ እንኳ ሦስተኛው አኃዝ ይወዛወዛል፤ አራተኛው ለጌጥ ነው። 0.22 ጣሪያ ላይ 0.221 አግኝቶ ፌሮ የሚጥል ተቆጣጣሪ ከመጣሉ በፊት የላብራቶሪውን የመለኪያ እርግጠኝነት ወሰን ይጠይቅ። ክርክር ከተነሳ ካርቦንና ድኝን የሚፈታው የማቃጠያ ዘዴው ነው፦ ከ0.5 እስከ 1 ግራም ብረት ከተንግስተን ማፋጠኛ ጋር በኦክስጅን ውስጥ ይቃጠልና የወጣው ጋዝ በኢንፍራሬድ ይለካል።

ግራጫ ካስት አይረን ግን ለብቻው ነው። ካርቦኑ በግራፋይት መልክ የተቀመጠ ስለሆነ ብልጭታው እኩል አያተነውም፤ ቁጥሩም አይደጋገምም። አቅላጩ ከመቅጃው ላይ ቀድቶ በመዳብ ቅርጽ ውስጥ በፍጥነት ማቀዝቀዝ አለበት፤ ሳንቲም የሚያክለው ናሙና ሲሰበር ውስጡ ነጭ ከሆነ ለብልጭታ ደርሷል፣ ግራጫ ከሆነ እንደገና ይቀዳ። የተጠናቀቀ ዕቃ ከሆነ የማቃጠያ ዘዴው ይሻላል፤ ያኔም በመሰርሰሪያ የተገኘ ዱቄት ሳይሆን ጠጣር ቁራጭ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ዱቄቱ ሲነካካ ግራፋይቱ በንኖ ይጠፋል።

ሰርተፊኬቱ ይበቃል ስለሚለው

ኢኤን 10204 በተባለው የአውሮፓ የሰርተፊኬት ደረጃ መሠረት 2.1 የተባለው ወረቀት አምራቹ ከትእዛዙ ጋር ይስማማል ብሎ የሚሰጠው ቃል ብቻ ነው፤ የምርመራ ቁጥር የለበትም። 3.1 የሆነው ግን የተወሰነውን የቀለጠ ስብስብ ምርመራ ይይዛል። እሱም ቢሆን ከመቅጃው የተወሰደ ናሙና ስለሆነ ያለቀለት ዕቃ ላይ ቁጥሩ ትንሽ ሊለይ ይችላል፤ ለዚህ ነው ኢኤን 10080 ለፌሮው ራሱ ካርቦን እስከ 0.24፣ አቻ እስከ 0.52 የሚፈቅደው። ይህን ሳያውቁ በመቅጃ ጣሪያ ዕቃ የሚጥሉም አሉ። ወረቀት ሲቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ የማቅለጫ ቁጥሩ በብረቱ ወይም በእስሩ ምልክት ላይ አለ ወይ የሚለው ነው። ከሌለ ወረቀቱ የሌላ ብረት ሊሆን ይችላል።

ማቅለጫው ያስተካክለዋል ስለሚለው

ካርቦንና ማንጋኒዝ መጨመር ቀላል ነው። መቀነሱ ነው ጭንቁ። ቁርጥራጭ በሚቀልጥበት፣ ውስጡ በሲሊካ በተለበጠ ኢንዳክሽን ምድጃ ፎስፈረስና ድኝ አይወጡም፤ እነሱን ለማውጣት ኖራ የበዛበት አተላ ያስፈልጋል፣ ያ አተላ ደግሞ የሲሊካውን ልባስ ይበላዋል። መዳብና ቆርቆሮ ከዚህም ይብሳሉ፤ ከብረት ይልቅ ለኦክስጅን ደንታ ስለሌላቸው ኦክስጅን በሚነፋበት በማንኛውም ምድጃ ውስጥ ከብረቱ ጋር ይቀራሉ። ያለው መንገድ በንጹሕ ብረት ማቅጠን ነው። 0.60 በመቶ መዳብ ያለው ክምችት ወደ 0.35 እንዲወርድ 0.10 ብቻ ካለው ንጹሕ ብረት ጋር እኩል በእኩል መደባለቅ አለበት፤ ያም ወጪ ነው። መዳቡ ዝም ተብሎ ከታለፈ፣ ቢሌቱ ለመጠቅለል ሲሞቅ ብረቱ ቀድሞ ይቃጠልና መዳቡ ከቅርፊቱ ሥር ይከማቻል። 1085 ዲግሪ ሲያልፍ ይቀልጥና በቅንጣቶቹ መካከል ይሰርጋል፤ ጠቅላዩ ላይ ገጹ ይሰነጣጠቃል። ቆርቆሮ ያባብሰዋል። በዚህ ጉዳይ ሽጉጡ ጥሩ ረዳት ነው፤ መዳብና ቆርቆሮን ከማቅለጥ በፊት በክምሩ ላይ ያሳያል። የሞተር የመዳብ ጠመዝማዛ የያዘውን ከክምሩ መለየት ግን የሰው ዓይንና እጅ ሥራ ነው።

የአሲድ ኬሚስትሪ ሞቷል ስለሚለው

ሽጉጡም ሆነ ብልጭታው የሚለኩት ከሚያውቁት ናሙና ጋር አወዳድረው ነው። የሚያወዳድሩበት ናሙና ከሌለ፣ ወይም ቅይጡ እንግዳ ከሆነ፣ ወይም በእጅ ያለው የቶርኖ ፍቅፋቂ ብቻ ከሆነ ሚዛንና ቢከር ያላት ላብራቶሪ ቀድማ ትገኛለች። ኒኬልን በዳይሜቲልግላይኦክሲም ማውረድ፣ ሩሲያዊው ኬሚስት ሌቭ ቹጋዬቭ በ1905 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ዘዴ፣ ዛሬም ያስተማምናል። 0.3 ግራም አይዝጌ በሃይድሮክሎሪክና በናይትሪክ አሲድ ይሟሟል፤ ብረቱ እንዳይወርድ 5 ግራም ያህል ታርታሪክ አሲድ ይጨመራል፤ መፍትሔው ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ሞቆ 25 ሚሊ ሊትር ያህል 1 በመቶ የዳይሜቲልግላይኦክሲም መፍትሔ ይገባበታል፣ ከዚያ አሞኒያው እስኪሸት ድረስ በጠብታ። ቀዩ ዝቃጭ በመስታወት ማጥለያ ተጠልሎ በ110 ዲግሪ ይደርቃል። ክብደቱ 118.1 ሚሊ ግራም ቢሆን በ0.2032 ሲባዛ 24.0፣ ከ300 ሲካፈል 8.00 በመቶ ኒኬል ነው። የሚያበላሹት ጥቂት ናቸው፦ ታርታሪኩ ካነሰ ብረቱ ቡናማ ሆኖ አብሮ ይወርዳል፤ መፍትሔው የተሠራበት አልኮል ከበዛ ዝቃጩ መልሶ ይሟሟል፤ ዳይሜቲልግላይኦክሲሙ ያለ ልክ ከተጨመረ ራሱ ይወርድና ኒኬሉን ያበዛዋል።

ማግኔቱና ደኅንነቱ

ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ሁለት ነገሮችን በአጭሩ ይነካል። አንደኛው፣ ማግኔት ካልያዘው አይዝጌ ነው ማለቱ ነው። 304 ተብሎ የሚሸጠው 201ም አይያዝም፤ በቀዝቃዛው የታጠፈ 304 ደግሞ መታጠፊያው ላይ ይያዛል፤ 430 እውነተኛ አይዝጌ ሆኖ ሳለ ሙሉ በሙሉ ይያዛል። ስለዚህ ማግኔት ለደረጃ አይሆንም።

ሁለተኛው ግን ዝም የሚባል አይደለም። ትንንሽ ቁርጥራጮችን በጣት ይዞ መተኮስን እንደ ብልሃት ይመክራል። ሽጉጡ በ40 እና 50 ኪሎ ቮልት የሚሠራ የኤክስሬይ ቱቦ ነው፤ አፉ ላይ ያለው ጨረር ቀጭንና ኃይለኛ ነው፣ ቀጭን ላሜራና የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ደግሞ ጨረሩን ወደ ኋላ ያሳልፉታል። ትንሽ ናሙና በመከለያው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል እንጂ በእጅ አይያዝም። ናሙናውን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ መተኮስ ካስፈለገም ከጠረጴዛው ሥር የሰው ጉልበት አለመኖሩ ይታይ። መሣሪያውን ማስገባትና መጠቀም የጨረር ተቆጣጣሪውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጠቋሚ መብራቱ የማይበራ ሽጉጥ እስኪጠገን ድረስ ባትሪው ወጥቶ ይቆለፍበት።